ከኋላ ያሉት ይጠፋሉ

አባቴ ሌላ ሴት እንደወደደ ያወቅኩት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ያወቅኩ የመሰለኝ ማለቴ ነው፤ ግን በዚያ ዕድሜ መምሰልና ማወቅ አንድ ናቸው።

ሴትየዋ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ የምትሸጥ፣ የጓደኛዬ የሃና እናት ነበረች። ሠርኬ ትባላለች። ያኔ «እትዬ ሠርኬ» እያልኩ አንቱ እላት ነበር። ዛሬ በዕድሜ በልጫታለሁና ስለ እሷ ሳወራ «እሷ» ብል አትታዘቡኝ። ባሏ ከሞተ ቆየት ብሎ ነበር። በምን ሞተ ሲባል ሰፈሩ «በሳምባ» ይላል፤ ጠያቂውም ጥያቄውን አይደግምም።

አባቴ ጠሃ ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ ቤታችን ከሸማ ተራ ጀርባ ነበር። እኛም የምንኖረው እዚያው ከኋላ ነው፤ ፎቶ ቤቱን ከመኖሪያችን የሚለየው የችፑድ ግድግዳና አንድ መጋረጃ ብቻ። በበዓል ሰሞን ሰው የገዛውን ነጠላ ከነእጥፋቱ ለብሶ ቀጥታ እኛ ጋ ይመጣል። ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት ሸራ ፊት ይቆማል፤ አባቴ ሁለቱን ትልልቅ አምፖሎች ሲያበራ ክፍሉ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። «አገጭ ቀና! ትከሻ ላላ!» ይላል። በእጁ ነክቶ ግን ማንንም አያስተካክልም፤ ሴትማ ጭራሽ። በጣቱ ያሳያል እንጂ።

ለዚህ ነው ያን ቀን ያየሁት ነገር ያስደነገጠኝ።

ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ስመጣ የፎቶ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አጮለቅኩ። እትዬ ሠርኬ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። አባዬ ፊቷ ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ አገጯን ደገፍ አድርጎ ይዟል። በሌላው እጁ ግማሽ እንቁላል የመሰለ ነጭ ነገር ጉንጯ አጠገብ አድርጓል። ስጦታ መሰለኝ።

«ትንሽ ቆዪ» አላት፣ እኔን እንኳ አናግሮኝ በማያውቀው ለስላሳ ድምፅ። «እንዲህ… እንዲህ… አሁን ልልቀቅሽ?»

«አልቻልኩም ጋሽ ጠሃ» አለችና ሳቀች። ሳቋ መጨረሻው ላይ ሳል ሆነ።

«ትችያለሽ። እኔ መላ አላጣም።»

ጫማዬን ሳላሰማ ወደ ኋላ ተመለስኩና በጓሮ በር ገባሁ። እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አይታኝ «ኢማን፣ ምነው ፊትሽ?» አለች። አላሳዘነችኝም አልልም። ባሏ እዚያ ማዶ የሴት አገጭ ይዟል፤ እሷ እዚህ ምስር ትለቅማለች።

ያ ነጭ ነገር የብርሃን መለኪያ ነበር። አገጯን የያዘው ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነው፤ ሳይደገፍ ለምን ያህል ጊዜ ረግቶ እንደሚቆም ማወቅ ፈልጎ። ይህን የተረዳሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ያየሁትን ነው።

አንዴ ከጠረጠሩ ሁሉም ነገር ምስክር ይሆናል። በዚያው ሳምንት እማዬ አጥሚት አፍልታ በፔርሙስ ሞላችና «ሩጪ፣ ለእትዬ ሠርኬ አድርሺ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ፣ ምን እንደሆነም እንዳትናገሪ» አለችኝ። አጥሚት የሚጠጣው ማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሲወለድ ቤታችን አጥሚት በአጥሚት ሆኖ ነበር። ፔርሙሱን በሁለት እጄ አቅፌ በሸማ ተራ ጠባብ መንገድ ሳልፍ ተሸካሚዎቹ «ዞር በይ! ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ይጮሁብኛል፤ እኔ ስለሚወለደው ልጅ አስባለሁ። ወንድ ይሆን? አባዬን ይመስል ይሆን? እናቴስ ምን ዓይነት ሞኝ ናት፣ ለጣውንቷ አጥሚት የምታፈላ?

እትዬ ሠርኬ ሱቋ ውስጥ በተቆለሉት ጋቢዎች ላይ ደገፍ ብላ አገኘኋት። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ አንዱን ጋቢ ደርባለች። ፔርሙሱን ተቀብላኝ ግንባሬን ሳመችኝ። ከንፈሯ ይፋጃል። «እናትሽን እግዜር ይስጥልኝ በያት» አለችኝ። አላልኳትም።

ከዚያ ደግሞ ሃና አለች። ሃና አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማትችል፣ ስታወራ እንኳ እየዘለለች የምታወራ ልጅ ነበረች። «አያቴ ከጎጃም ሊመጡ ነው! እኔንና ደመቀን ይዘውን ሊሄዱ ነው! ላም አላቸው!» አለችኝ በዕረፍት ሰዓት። ደመቀ ታላቅ ወንድሟ ነው። «እስከ መቼ?» ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች። «እማዬ እስክትጠራን» አለች። ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት። ልጆቿን ከፊቷ ዞር ልታደርግ ነው። ቦታ ልታስለቅቅ።

ከሁሉ የከፋው ግን በችፑዱ በኩል የሰማሁት ነው። ምሳ ተበልቶ እኔ የተኛሁ መስሏቸዋል። አባዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እንጃ፣ ጨንቆኛል» አለ። «ልክፈት ብል ከኋላ ያሉት ይጠፋሉ። ልዝጋ ብል እሷ ትጠፋብኛለች።»

እማዬ ሳህን ስትደራርብ ይሰማኛል። ከዚያ፣

«እሷ ከምትጠፋ ሌላው ይጥፋ» አለች።

ዓይኔን በትራሱ ሸፈንኩ። ከኋላ ያለነው እኛ ነን። ደንበኛ «ጋሽ ጠሃ የለም ወይ?» ሲል «ከኋላ ነው» ነው የሚባለው። ከኋላ ማለት እኛ ነን፣ አልጋችን፣ ምድጃችን፣ ታናሽ ወንድሜ። አባቴ ለእሷ ሌላ ቤት ሊከፍት ነው፤ ከከፈተ እኛ እንጠፋለን። እናቴም ተስማማች።

የፎቶው ቀን እሑድ ነበር፤ መርካቶ ጸጥ ያለበት ቀን። የሃና አያት ጋሽ ይድነቃቸው ከዘራቸውን እየመቱ ከፊት፣ ቤተሰቡ ከኋላቸው ተከትሎ ገቡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበዋል፣ ሲናገሩ ሌላው ይሰማል። ወሰንየለሽ የሚሏት ሴት ልጃቸው፣ የሃና አክስት፣ ከነባሏ መጥታለች። ሌሎች የአገራቸው ሰዎችም አሉ። እትዬ ሠርኬ ከሁሉም ኋላ ገባች፤ አዲስ ጥበብ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ተቀብታ፣ ከዚህ በፊት አይቼባት የማላውቀውን ኩል ተኩላ። ለማን እንደተኳለች አወቅኩ።

መብራት አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የነበረው ብርሃን ከበሩና ጣሪያው ላይ ለብርሃን ተብሎ ከገባው የላስቲክ ቆርቆሮ የሚመጣው ብቻ ነበር። አባዬ አምፖሎቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ሠርኬን አየ።

«ነገ ብትመጡ…» ብሎ ጀመረ።

«ነገ ንጋት ላይ እኛ አውቶቡስ ተራ ነን» አሉ ጋሽ ይድነቃቸው። «ዛሬ የምታነሳን ከሆነ አንሳን።»

ቤተሰቡን ራሳቸው ደረደሩት። ወንበሩን መሃል አስደርገው ተቀመጡ። ሃናና ደመቀ እግራቸው ሥር ምንጣፍ ላይ፤ ሴቶቹ ከጀርባቸው፤ ወንዶቹ ከሴቶቹ ጀርባ። እትዬ ሠርኬ ከአያትየው ትከሻ በስተኋላ፣ ከወሰንየለሽ ጎን ቆመች። በየክብሩ የተሰደረ፣ ያማረ ቤተሰብ ነበር።

አባዬ በካሜራው አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት ወዲህ አዞረው፣ ወዲያ መለሰው። ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ።

«እንዲህ አይሆንም» አለ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሁላችሁም በአንድ መስመር ሁኑ። ከኋላ ማንም እንዳይኖር። አባቴ፣ እርስዎ እንደተቀመጡ ይሁኑ። ለሠርኬም ወንበር አጠገብዎ አደርጋለሁ። ልጆቹ ይቁሙ።»

በዚያ ቤተሰብ የልጅ ሚስት ከአማቷ እኩል ተቀምጣ ሌላው የሚቆምበት ሥርዓት የለም።

«በአንድ መስመር?» አሉ ጋሽ ይድነቃቸው። «እንደ ቀበሌ ስኳር ሰልፍ?»

«ካሜራዬ አርጅቷል አባቴ። ከኋላ ያለውን ሰው አያወጣም።»

ውሸት ነበር። ካሜራው እንዳላረጀ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አባቴ ለዚያ ካሜራ ከእኔ የተሻለ ብርድ ልብስ ነበረው። ባለፈው ፋሲካ ሦስት ረድፍ የቆመ የሰርግ አጃቢ አንስቶበት የመጨረሻው ሰውዬ ጺም ይቆጠር ነበር። መጋረጃው ሥር ቆሜ ጉንጬ ጋለ። ለእሷ ብሎ ይዋሻል። እሷን ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ብሎ ሙያውን ያዋርዳል።

ወሰንየለሽ ከንፈሯን ነከሰች። «ያረጀ ካሜራ ይዞ ፎቶ ቤት ይከፍታል እንዴ ሰው? አባባ፣ ይነሱ። መንገዱ ማዶ ሌላ ፎቶ ቤት አለ፣ ፍላሽ ያለው።»

ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። ያኔ እትዬ ሠርኬ ከኋላ፣

«እኔ የትም አልሄድም» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ቢሆንም ሁሉም ቆመ። «ጋሽ ጠሃ ናቸው የሚያነሱኝ።»

ጋሽ ይድነቃቸው ቀስ ብለው ዞሩ። አንዴ የልጃቸውን ሚስት አዩ፤ ኩሏን፣ የከንፈሯን ቀለም። አንዴ አባቴን አዩ። ፊታቸው ላይ ያለፈውን ነገር አወቅኩት፤ የእኔው ሐሳብ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ሲያስብ ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ፈራሁ። ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አሉ።

መልሱ የአባዬ አልነበረም።

መጋረጃው ተገለጠና እማዬ አልፋኝ ገባች። እጇ ላይ የሽንኩርት ሽታ አለ፤ በሽርጧ እየጠረገችው ነው። ቀጥታ ወደ እትዬ ሠርኬ ሄደች። በላብ የራሰውን ግንባሯን በሻሿ ጫፍ ጠረገችላት፣ ነጠላዋን አስተካከለችላት፣ ክንዷን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወደ ጋሽ ይድነቃቸው ዞረች።

«አባቴ፣ እኔ ሚስቱ ነኝ» አለች እየሳቀች። «ካሜራው እውነትም አርጅቷል። እኛንም ለዒድ ሲያነሳን እንደ ሰልፈኛ ደርድሮ ነው። ምን ይደረግ፣ ከነካሜራው ነው ያገባሁት።»

እናቴ ቲማቲም መብሰሉን ለመናገር እንኳ «ወላሂ» የምትል ሴት ናት። ያን ቀን ወላሂ አላለችም።

የሆነ ሰው ሳቀ። ጋሽ ይድነቃቸው እናቴን ትንሽ አዩዋት። ከዚያ «እሺ፣ የእናንተ አገር ነው» ብለው ተቀመጡ። ሃና ከእናቷ ወንበር አጠገብ፣ ደመቀ ከአያቱ ጎን፣ ሌሎቹ ግራና ቀኝ። አባዬ በጎን በኩል ሄዶ በአንድ ዓይኑ መስመሩን አየ፤ «አንተ ትንሽ ወደ ፊት። እትዬ ወሰንየለሽ፣ ኋላ አይቅሩ» እያለ አስተካከለ። ተመልሶ የሌንሱን ቀለበት እስከ መጨረሻው አዞረው።

«ሁላችሁም ሳብ አድርጋችሁ ተንፍሱ። አሁን ያዙት።»

ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ። ደግሞ።

መጨረሻ ላይ «አለቀ» ሲል እትዬ ሠርኬ ከወንበሯ ወደ ጎን ዘመም አለች፤ እማዬ ደረሰችላት። «ሙቀቱ ነው» አለች እማዬ ጮክ ብላ፣ «ሙቀቱ ነው፣ በሩን ክፈቱት።» አባዬ ፊቱን ወደ ሐይቁና ወደ ዘንባባው አዙሮ የትራይፖዱን እግር ሲያጥፍ፣ ሲዘረጋ፣ እንደገና ሲያጥፍ ቆየ። ለፍቅሩ የሚያለቅስ መሰለኝ።

በማግስቱ ሃናና ደመቀ ሄዱ። ክረምቱ ሳይወጣ እትዬ ሠርኬ ሞተች። ለሰፈሩ «በድንገት» ተባለ። እማዬ ለቅሶ ቤት ውላ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ እኔ ግራ ተጋባሁ። የሚወለደው ልጅም የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም።

ወሰንየለሽ የሁሉንም ፎቶ መጥታ ወስዳለች፤ አፏን ግን አልያዘችም። አባቴ በሸማ ተራ «ካሜራው ያረጀበት ጠሃ» ተባለ። ለዘመን መለወጫ አዲስ ጥበብ የለበሱ ቤተሰቦች በራችንን አልፈው መንገዱን ሲሻገሩ እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። «አላረጀም» ለማለት አንድም ቀን አፉን ሲከፍት አልሰማሁትም።

አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ ዓመት ካሜራውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሥራ ሳፈላልግ እንዳልፈዝ ብሎ ነው።

«ይሄ የሌንሱ ቀዳዳ ነው» አለኝ። «ስትከፍቺው ብርሃኑ ባንዴ ይገባል፣ ካሜራው በቅጽበት ይጨርሳል፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንኳ ረግቶ ይወጣል። ግን የሚጠራው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ ከኋላ ያሉት ይጠፋሉ። ስትዘጊው ደግሞ ሁሉም ረድፍ ይጠራል፤ ነገር ግን ብርሃኑ እስኪጠራቀም ሰዉ ድንጋይ መሆን አለበት። መርጋት የማይችል ሰው ካለ እሱ ይጠፋል።»

ካሜራውን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አባዬ» አልኩት፣ «እትዬ ሠርኬን ትወዳት ነበር?»

እማዬ ከመጋረጃው ወዲያ ሰምታ መጣች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አገጩን፣ ችፑዱን፣ አጥሚቱን። አጥሚቱ ላይ ስደርስ እናቴ ሳቅ ገደላት፤ ግድግዳውን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቆረጠና ተቀመጠች።

«ሌላ ምን ይወርድላት ነበር» አለች። «ምግብ አልወርድ ብሏት ነበር እኮ።»

የዚያን ዘመን በሽታ ነበር፤ ባሏን የገደለው። መድኃኒቱ ገና አልመጣም ነበር። እሷ ለአባቴና ለእናቴ ብቻ ነግራቸዋለች። ሰው ካወቀ ልጆቿን የሚያስጠጋ ዘመድ እንዳይጠፋ ሰግታለች፤ የእነሱንም ሳህን እንዳይለዩባቸው። አባቴን የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ መልኳ ሳይጠፋ፣ ልጆቿ ከመላው ዘመዳቸው ጋር የሚያዩአት አንድ ፎቶ። «ሳልንቀጠቀጥ» አለችው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ሃና መጣች።

ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ናት። ለስብሰባ መጥታ፣ ጠይቃ ጠይቃ አገኘችን። ፎቶ ቤቱን አሁን የምሠራበት እኔ ነኝ፤ አባዬ ዓይኑ ደክሟል፣ ግን በየቀኑ ይመጣና በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ተቃቅፈን ብዙ ከቆየን በኋላ ከቦርሳዋ ያንን ፎቶ አወጣች። አያቷ ቤት ግድግዳ ላይ የኖረ ነው፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ማሳደግ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ፎቶውን ካየሁት ቆይቶ ነበር። ሁሉም በአንድ መስመር፣ የአንዱም ፊት ሳይደበዝዝ። መሃል ላይ እትዬ ሠርኬ፤ ኩሏ፣ የጥበቧ ጥለት ክር በክር። ቀና ብላ፣ ረግታ፣ ሌንሱን እያየች።

«እንዴት ታምር ነበር» አልኩ።

«አዎ» አለች ሃና። ደስ ብሏት አልነበረም። «ይሄን እያየሁ ነው ያደግኩት። ደህና ናት። እዩዋት፣ ምንም አልሆነችም። ደህና እያለች ነው የሰደደችን። በማግስቱም አውቶቡስ ተራ ድረስ እንኳ አልሸኘችንም፣ ሱቅ አለብኝ ብላ። ከዚያ በድንገት ሞተች አሉን። አያቴ ሳይሞቱ ደጋግሜ ጠይቄአቸው ነበር። እሳቸውም ፎቶውን ያሳዩኝና ‹ደህና ነበረች ልጄ› ይሉኛል።»

አባዬን አየሁት። ጭንቅላቱን ወደ እኛ አዘንብሎ ያዳምጣል። አባቴ በሥራው ያን ያህል ተሳክቶለት እንደነበር እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩም ነበር።

«እጄንማ» አለች ሃና፣ ፎቶው ላይ በጣቷ እያሳየች፣ «ይሄውላችሁ፣ እዚህ ጋ እጄን ይዛኛለች። እንዴት አድርጋ እንደጨመቀችኝ! ሊሰበር ነበር። እኔ ቀዥቃዣ ስለነበርኩ ፎቶውን እንዳላበላሽባት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የነካችኝ ለቁጥጥር ነው።»

ምስጢሩ የእኔ አይደለም፤ ባለምስጢሯም በሕይወት የለችም። አባዬ ግን ክንዶቹን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ተነሳ። በዳበሳ መጥቶ ጎኗ ቆመ።

«ሃና ልጄ» አላት። «አንቺ እንዳትንቀሳቀሺ አልነበረም።»

ዞራ አየችው።

«እሷ ናት እንዳትንቀሳቀስ። ሰውነቷ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ሌንሱንም ከፍቼ፣ ሰውንም ደርድሬ፣ ይበቃል ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም። ‹ያዙት› ስል ያንቺን እጅ ስትይዝ በካሜራው አየኋት። ያኔ ረጋች። በማግስቱ አልሸኘቻችሁም። መነሳት አልቻለችም ነበር። ባለቤቴ ነበረች አጠገቧ።»

ውጭ ተሸካሚዎች «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ ያልፋሉ። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት የማትችለው ሃና በርጩማውን ሳበችና ተቀመጠች፤ ፎቶውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ታውቁ ነበር» አለች።

«እናውቅ ነበር።»

«ሁላችሁም?»

«እኔና ባለቤቴ። ኢማን በኋላ ነው ያወቀችው።»

ይቅርታ የሚጠይቅ መሰለኝ፤ አልጠየቀም። እሷም አልጠበቀችም። ከፎቶው ላይ ቀና አለች።

«ጋሽ ጠሃ» አለች፣ «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። መጀመሪያ ብቻዋን የመጣች ቀን ምን አለችዎት?»

አባቴ ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ። እኔም በሩን ዘጋሁና አጠገባቸው ሆኜ ማዳመጥ ጀመርኩ።